ሎርድ ኖትፎርቦል

ልጅ ሆኜ በስም የማውቀው እንግሊዛዊ አንድ ብቻ ነበር። ሎርድ ኖትፎርቦል። ንግሥት ቪክቶሪያን እንኳ የሰማሁት ከእሱ በኋላ ነው፤ ያውም ትምህርት ቤት፣ ለአፄ ቴዎድሮስ ከላከችው ሽጉጥ ጋር ተያይዞ።

ሎርዱን ያስተዋወቀን አያቴ ነው። ቤቱ ከባሕር ዳር በስተ ምዕራብ፣ ከጭምባ ወዲያ ነበር። ግልገል ዓባይ ጣና ሊገባ ሲል ከሚንጣለልበት ሜዳ ዳር። ምሰሶው ላይ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ተሰቅሏል። በጎረቤት ውጅግራ አለ፣ ምንሽር አለ፣ አልቤን አለ። መንታ አፍ ያለው ግን እኛ ቤት ብቻ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1933 ጣሊያን ከባሕር ዳር ለቆ ወደ ጎንደር ሲያፈገፍግ፣ የአያቴ አባት ጠመንጃውን ከአንድ የእንግሊዝ መኮንን በሁለት በቅሎ ለወጠው። መኮንኑ በአስተርጓሚ «ይህ የተራ ሰው መሣሪያ አይደለም፤ የሎርድ ነው» ብሎታል። ሎርዱ ማን እንደሆነ ግን አልተናገረም፤ ወይ አስተርጓሚው ዘሎታል። ስሙን ያገኘው አያቴ ነው። በጣሊያን ጊዜ የላቲን ፊደል ትንሽ ለይቶ ነበር። አንድ ቀን በሩን ዘግቶ ጠመንጃውን ፈታቶ ሲወለውል፣ ከአፈሙዙ ሥር፣ እንጨቱ በሚሸፍነው በኩል፣ የተቀረጸ ጽሑፍ አየ። ፊደሎቹን እንደ ሽምብራ አንድ በአንድ ለቀማቸው። ኖ፣ ት፣ ፎ፣ ር፣ ቦ፣ ል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተሰባችን የራሱ እንግሊዛዊ ኖረው። አያቴ ሰርግ ላይ ሲፎክር «የሎርድ ኖትፎርቦልን መንታ የያዝኩ» ይል ነበር። እኛ ልጆች ደግሞ ጢም አወጣንለት፤ ነጭ ፈረስ ሰጠነው። የአጎቴ ልጅ እንዲያውም ሚስት አገባለት። ሎርዱ ጠባዩ ክፉ ነበር። አያቴ ከርከሮ ሊያባርር ሲተኩስ ጉንጩን ይመታዋል። ሰማያዊ እብጠት ይዞ ከበቆሎው ማሳ ይመለስና «ዛሬም ሎርዱ በጥፊ አለኝ» ይላል። ሁልጊዜ ያችኑ ቀኝ ጉንጩን።

እንግሊዝኛ ተምሬ፣ በእንግሊዝኛ እንጀራ መብላት ከጀመርኩ በኋላ እንኳ ይህን ስም ከፋፍዬ አላየሁትም። የቤተሰብ ስም ማን ይተረጉማል? ጽሑፉንም በዓይኔ አይቼው አላውቅም። አያቴ ጠመንጃውን የሚፈታው በር ዘግቶ ነው፤ እሱ ካረፈ በኋላ ደግሞ አጎቴ ጭራሹኑ ፈትቶት አያውቅም።

እኔ ወፍ አስጎብኚ ነኝ። ባሕር ዳር የጀልባ አስጎብኚ ሞልቷል፤ ዘጌ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ደብረ ማርያም እያለ የሚያመላልስ። ወፍ ብሎ የሚነሣው ግን ጥቂት ነው። የምንነሣው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ጭቃ ውስጥ እንገባለን፤ ጉርሻችን ከደንበኛው መነጽር ጋር ይወጣል ይወርዳል። በደህናው ጊዜ የእኔ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነበር። ያኔ ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት ረጃጅም ወፎች፣ እኛ አስጎብኚዎች ክሬን የምንላቸው፣ ጣና ዳር ይከርማሉ። ቀን ማሳ ለማሳ ይለቅማሉ፤ ሲመሽ ውኃው ዳር በእግራቸው ቆመው ያድራሉ።

በጥር 2012 አንድ ሰባ ዓመት ያለፈው እንግሊዛዊ መጣልኝ። ኮሮና ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው መሆኑ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጁ ግን ወፍራም። ሥራህ ምን ነበር አልኩት። ጠመንጃ ሠሪ ነበርኩ አለኝ። ሙሉውን አይደለም፤ ሰደፍ ብቻ። ከአርባ ዓመት በላይ የዋልነት እንጨት ሲጠርብ ኖሯል። በእነሱ አገር አንዱ አፈሙዝ ብቻ ይሠራል፤ አንዱ ቁልፉን ብቻ፤ አንዱ ቅርጻ ቅርጹን ብቻ። አንድ ጥሩ ጠመንጃ ወር ሳይሆን ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ወፍ መግደያ ሲሠራ የኖረ ሰው ወፍ ለማየት ይህን ያህል አገር አቋርጦ መምጣቱ ትንሽ ገረመኝ። ነገሩ ለእሱ አንድ ነው። «ወፍ የማያውቅ ሰው ሰደፍ አይጠርብም» አለኝ።

ጭምባ ስንደርስ ፀሐይ ገና እየወጣች ነበር። ክሬኖቹ ሽምብራ ማሳ ውስጥ ናቸው። ማሳው ዳር ማማ ላይ አንድ ልጅ ወንጭፉን አጮኸ። ወፎቹ ጡሩንባ የመሰለ ድምፃቸውን እያሰሙ ተነሡና በራሳችን ላይ አለፉ። ሽማግሌውን ዞር ብዬ ሳየው ሁለት እጁ ወደ ላይ ወጥቷል። ግራ እጁ ከፊት፣ ቀኝ እጁ ጉንጩ አጠገብ። ምንም አልያዘም። ወገቡን አዙሮ የመጀመሪያዋን ወፍ እስክትርቅ ተከተላት። ከዚያ አፈረና እጁን ኪሱ ከተተ።

ልጁን በጣቱ እያሳየ «ይህ ልጅ በእኛ አገር ቢሆን ተቃራኒውን ነበር የሚሠራው» አለኝ። ከዚያ ስለ ጌቶቹ አደን አወራኝ። በቪክቶሪያ ዘመን ማብቂያ የእንግሊዝ መኳንንት ወፍ ፍለጋ መሄድ ትተው ነበር። ወፏ ናት ወደ እነሱ የምትመጣው። የገበሬና የጎረምሳ ሰልፍ ዱላ ይዞ ከዱሩ ማዶ ይነሣል። ቁጥቋጦውን እየመታ፣ እየጮኸ፣ ወፉን ወደ ፊት ይነዳል። ጌቶቹ ማዶ በመስመር ቆመው ይጠብቃሉ፤ ወፉ በላያቸው ሲያልፍ ይተኩሳሉ። የእኛ ልጅ ከማማው ላይ ወፏን የሚያባርራት እንዳትበላ ነው። የእነሱ ልጅ የሚያባርራት እንድትበላ።

ይህ ሁሉ የመጣው ጠመንጃው ስለተለወጠ ነው። ድሮ ባሩድና እርሳሱ በአፈሙዙ በኩል ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቅ ነበር። አንዴ ተኩሶ እንደገና እስኪያጎርስ ወፉ ሁሉ አገር ይቀይራል። ከ1850ዎቹ ወዲህ በፈረንጅ አቆጣጠር ከወገቡ የሚሰበረው ጠመንጃ እየተለመደ መጣ። ትሰብረዋለህ፣ ሁለት ጥይት ታጎርሰዋለህ፣ ትዘጋዋለህ። ይህም ዘገየ ያለ ጌታ ሁለት አንድ ዓይነት ጠመንጃ ያዝዛል። ከኋላው አንድ አሽከር ይቆምለታል፤ ሥራው ማጉረስ ነው። ጌታው ሁለቱን ተኩሶ ባዶውን ወደ ኋላ ይሰጣል፤ የጎረሰውን ይቀበላል። ዓይኑን ከሰማዩ አይነቅልም። (እኛ ጋ የሚጎረሰው ሰው ነው። እዚያ ጠመንጃውን የሚያጎርስ ሰው በደመወዝ ይቀጠራል።)

የዚህ ነገር ንጉሥ ማን እንደነበረ ጠየቅሁት። ሳያመነታ ሎርድ ሪፐን አለኝ። እስከ 1909 ኧርል ደ ግሬይ ይባል ነበር፤ አባቱ የሕንድ እንደራሴ የነበሩ ሰው ናቸው። ሪፐን በሦስት ጠመንጃና በሁለት አጉራሾች ነበር የሚያድነው። ጠመንጃዎቹ የፐርዲ ሥራ ናቸው፤ በ1814 የተቋቋመ የለንደን ቤት። ሌላው ሰው መዶሻው ወደ ውስጥ ወደተደበቀው አዲስ ዓይነት ሲዞር፣ እሱ ውጭ ቀንድ ያለውን አሮጌውን አልለቅም አለ። የገደለውንም ሁሉ ይመዘግብ ነበር። ከ1867 እስከ 1923 ከ556 ሺህ በላይ። አብዛኛው ፌዛንትና የቆቅ ዘመድ ነው፤ ሁለት አውራሪስም አለበት።

ቁጥሩን ስሰማ ደነገጥኩ። እኔም እኮ ወፍ ቆጣሪ ነኝ። ጥር በመጣ ቁጥር ደብተርና መነጽር ይዤ ጣና ዳር እቆማለሁ፤ ምሽት ላይ ክሬኖቹ ወደ ማደሪያቸው ሲገቡ በአሥር በአሥር አድርጌ እቆጥራለሁ። የእኔ የዕድሜ ልክ ደብተር ከዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርስም። ያውም የእኔዎቹ በማግስቱ ተመልሰው ይመጣሉ፤ አንዱን ሁለቴ ልቆጥረው እችላለሁ። እሱ ሁለቴ የቆጠረው የለም።

ሪፐን የሞተው በፈረንጅ መስከረም 22 ቀን 1923 ነው፤ በእኛ መስከረም 11 ቀን 1916። ዮርክሺር ውስጥ፣ አደን ላይ። ጠዋት ሃምሳ ያህል ወፍ ጥሎ ነበር። እዚያው ሜዳው ላይ ወደቀ። ልጅ ስላልነበረው ማዕረጉም አብሮት ጠፋ። እኔ ቀን ማገናኘት እወዳለሁ፤ ልማዴ ነው። በስድስተኛው ቀን፣ የመስቀል ዕለት፣ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች።

ሌላም ሎርድ ነገረኝ። ዋልሲንግሃም ይባላል። በ1888 ነሐሴ መጨረሻ፣ በአንድ ቀን፣ ብቻውን 1,070 ግራውስ የጣለ። ግራውስ የእነሱ የደጋ ቆቅ ናት በሉት። የሚገርመው ይኸው ሰው የእሳት እራት ተመራማሪ ነበር። ጥፍር የማያህሉትን፣ መብራት ላይ የሚረግፉትን። ከ260 ሺህ በላይ የነፍሳት ናሙና ሰብስቦ ለለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አስረክቧል። ገንዘቡ አልቆ ርስቱን ሲሸጥ ለንደን የነበረው ቤቱም ሄደ፤ ዛሬ ሪትዝ ሆቴል የቆመው በዚያ ቦታ ላይ ነው። ከሁለቱ ይህኛው ይሻለኛል። አንዱን ነገር ቢገድልም ሌላውን ቀና ብሎ ያየ ሰው ነው።

እኔም ታዲያ ዝም ብዬ ልቅር? «እኛም ቤት የሎርድ መንታ አለ» አልኩት። የማን አለኝ። «የሎርድ ኖትፎርቦል።»

«የማን?»

ደገምኩለት። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከንፈሩን ነከሰ። «ላየው እችላለሁ?» ብቻ አለኝ።

ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ አጎቴ ቤት ገና ጠላ አለ። በር ላይ ተቀበለን። «ቤት ለእንግዳ! ግቡ ጌታው፣ ግቡ።» የልጅ ልጁ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፣ ውኃ ልታስታጥበን መጣች። ማንቆርቆሪያውን በግራዋ ይዛለች። እናቷ ከጓዳ «በቀኝሽ!» ብላ ጮኸች። ልጅቷ ቀየረችና ግማሹን እንግዳው ጫማ ላይ አፈሰሰችው። ሰፈሩ ሁሉ ግራኝ ነው የሚላት።

ሽሮው ተበላ፣ ቡናው ተጠጣ። የመጣንበትን ስናገር አጎቴ ፊቱ ተለወጠ። በዚያው ሰሞን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177/2012፣ ፓርላማ ጸድቆ ወሬው ገጠር ደርሷል። «ምንድን ነው የሚፈልገው?» አለኝ በሹክሹክታ። ቁጥሩን ማየት ይፈልጋል አልኩት። «ቁጥር የሚፈልግ ሰው መንግሥት ነው» አለ። ሰውየው ጡረተኛ አናጢ ነው ብዬ ለመንኩት። ውሸትም አይደለም። በመጨረሻ አንድ ነገር አስማለኝ፤ የሠሪውን ስም፣ የጠመንጃውን ቁጥርና የሰፈሩን ስም ለማንም እንዳልናገር። «ሌባ ይጠራል።» በኪዳነ ምሕረት ማልኩ። ስለዚህ እዚህም አልጽፈውም።

ጠመንጃው ከፍራሽ ሥር በነጠላ ተጠቅልሎ ወጣ። ሽማግሌው መጀመሪያ ወገቡን ሰብሮ ባዶ መሆኑን አየ። ከዚያ ጭኑ ላይ አስተኛውና በመዳፉ ዳበሰው። እኛ ቀንድ የምንላቸው ሁለቱ መዶሻዎች ወደ ኋላ ተቆልምመዋል። አፈሙዙን በምራቅና በመሐረብ ሲያሸው ከዝገቱ ሥር ጥልፍ ብቅ አለ። እባብ ቆዳ የመሰለ፣ ጥምዝምዝ። ዳማስቆ ይባላል አለን። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች ተገምደው፣ ግለው፣ በዘንግ ዙሪያ እየተጠመጠሙ በመዶሻ ይጣበቃሉ። አጎቴ ጎንበስ ብሎ አየና «ሹሩባ ነው!» አለ። በእርግጥም ሹሩባ ነው። ሰማንያ ዓመት ገደማ እኛ ቤት ኖሮ የተሠራ ጸጉር እንዳለው ያወቅነው ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ ፊት ለፊት ያለውን እንጨት ነቀለ፤ አፈሙዞቹን ከሰደፉ አላቀቀ። ገለበጣቸው። ሥራቸው በማኅተም የተሞላ ነው። እንግሊዝ አገር ማንም አፈሙዝ ሳይፈተን አይሸጥም። ለንደንና በርሚንግሃም ባሉ የሙከራ ቤቶች ከልኩ በላይ ባሩድ ተሞልቶ ይተኮሳል። ካልፈነዳ ማኅተም ይመታበታል። 12 የሚል ቁጥር አለ። ያ ማለት ከአንድ ፓውንድ እርሳስ፣ ከ454 ግራም መሆኑ ነው፣ አሥራ ሁለት እኩል ድቡልቡል ብታወጣ አንዱ የአፈሙዙን ቀዳዳ ያህላል። አሥራ ስምንት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ።

ከማኅተሞቹ አጠገብ ሦስት ቃል አለ። ሽማግሌው ጣቱን አስቀምጦ ወደ እኔ ገፋው። «በል አንብብ።»

አነበብኩት። ኖት። ፎር። ቦል።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንግሊዝኛ እኮ እንጀራዬ ነው! ስም አይደለም። ማስጠንቀቂያ ነው። «ለድቡልቡል ጥይት አይሆንም» ነው የሚለው። ሽማግሌው ከጠዋት ጀምሮ የያዘውን ሳቅ ለቀቀው። አጎቴ ምን አለ፣ ምን አለ ይለኛል። እንዴት ብዬ ልንገረው? ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ እስኪያነባ ሳቀ። «አባባ እኮ በዚህ ስም ፎክሮ ሞተ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ዓይነት ጠመንጃ አንድ ወፍራም ጥይት አይተፋም። ሽምብራ የማያህሉ የእርሳስ ፍሬዎችን ነው የሚበትነው። በ1870ዎቹ ሠሪዎቹ የአፈሙዙን ጫፍ ጠበብ ማድረግ ጀመሩ፤ ፍሬዎቹ ሳይበተኑ ራቅ እንዲሉ። እንደ ብርሌ አንገት በሉት። በብርሌ አንገት ውስጥ ልኩ የሆነ ድቡልቡል እርሳስ በባሩድ ብትገፋ አንገቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከ1875 እስከ 1887 ባሉት ዓመታት ጠባብ አፈሙዝ ሁሉ ይህ ቃል ይቀረጽበት ነበር። የእኛ ጠመንጃ ዕድሜ በዚህ ብቻ ታወቀ። ሽማግሌው የግራውን አፈሙዝ ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ አሸና የእኔን ጣት ወስዶ አስዳሰሰኝ። አብጧል። አያቴ ለከርከሮ እርሳስ እያቀለጠ፣ እያንከባለለ፣ ሎርድ ኖትፎርቦል አታድርግ ያለውን ሲያደርግ ኖሯል። እጁ ላይ አለመፈንዳቱ የኪዳነ ምሕረት ሥራ ነው። ሽማግሌው ዳግም እንዳይተኮስበት አደራ አለ። አጎቴም ከደርግ ወዲህ ተኩሼበት አላውቅም አለ፤ የፈለገ ይመነው።

ታዲያ ሎርድ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው? አጎቴ ይህን ሲጠይቅ ድምፁ ላይ ሐዘን ነበር። ሽማግሌው ሰደፉን ገለበጠው። ሆዱ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሞላላ ወርቅ አለች፤ እኛ የጥገና ምልክት ትመስለን ነበር። በአጉሊ መነጽር አሳየን። ተፍቃለች። እንስሳ አለ፤ ውሻ ይሁን አንበሳ አይለይም። ከእንስሳው ራስ በላይ ግን ዘውድ አለ። ዘውዱ ላይ ድቡልቡል ነገሮች ተደርድረዋል። ቁጠሩ አለን።

አራት ናቸው።

በእንግሊዝ የመኳንንት ዘውድ እንደ ማዕረጉ ይለያያል። የባሮን ዘውድ ስድስት የብር ድቡልቡሎች አሉት፤ ሲሳል ግን ከፊት የሚታዩት አራቱ ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ባለቤት ባሮን ነው። ባሮን ደግሞ ሎርድ ይባላል። አጎቴ ቀና አለ። «ከማን ቀጥሎ ነው?» ሽማግሌው በጣቱ ቆጠረለት። ዱክ፣ ማርኲስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንት፣ ባሮን።

«መጨረሻው ነው?»

«ከሎርዶቹ መጨረሻው።»

«ግራዝማች በለኛ!» አለ አጎቴ።

አፈሙዞቹ በሚገናኙበት ብረት ላይ ደግሞ በወርቅ 2 ተጽፏል። ከጥንዱ ሁለተኛው ነው። ቁጥር 1 ሌላ ነው፤ አንድ ሳጥን ውስጥ አብረው የተኙ ወንድማማቾች ነበሩ። የእኛ ከዕድሜው ግማሹን በሎርዱ እጅ፣ ግማሹን በአጉራሹ እጅ አሳልፏል። ጥሩ ነው። የቤታችን ጠመንጃ የአሽከርም እጅ ያውቃል።

ይህን ሁሉ ስናደርግ ሽማግሌው የራሱን ሙያ አልነካም ነበር። ለመጨረሻ ያቆየው መሰለኝ። ጠመንጃውን ገጣጠመና ሰደፉን ወደ ዓይኑ አድርጎ ከላይ ወደ ታች አየው፤ አናጢ ሳንቃ እንደሚያይ። «አያትህ ሲተኩስ ቀኝ ጉንጩን ይመታው ነበር?» አለኝ። ስለ ጥፊው አልነገርኩትም ነበር። አጎቴና እኔ ተያየን።

ሰደፉ ቀጥ ያለ አይደለም። ከአፈሙዙ መስመር ትንሽ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከስድስት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ካልነገሩህ አታየውም። ለቀኝ ትከሻ የሚጠረብ ሰደፍ ወደ ቀኝ ነው የሚታጠፈው፤ ዓይን ከአፈሙዙ ጋር እንዲገጥም። ይህ ወደ ግራ ነው። ሎርዱ ግራኝ ነበር። ክንዱም አጭር ነበር፤ ሰደፉ ከምላጩ እስከ ጫፉ ለአዋቂ ወንድ ያንሳል። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ሰደፉን እየዳበሰ ይነግረናል። አንገቱ ወፍራም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ጉንጩ ሙሉ። ያላየውን፣ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተውን ሰው፣ እንጨቱን እየነካ ሣለው። እነዚህ ጠመንጃዎች ከሱቅ አይገዙም፤ እንደ ሙሉ ልብስ ልክ ተወስዶ ይሰፋሉ። የአያቴ አባት፣ አያቴ፣ አጎቴ፣ ሦስት ትውልድ ሰው የሌላ ሰው ኮት ለብሰው፣ ክንዱ ጠበበን ብለው ሎርዱን ሲወቅሱ ኖሩ።

«ግራኝ አላችሁ?» አለ ሽማግሌው።

ማንም አልመለሰም። ዓይን ሁሉ ወደ ጓዳው በር ዞረ። ልጅቷ ስኒ ይዛ ቆማለች። በግራዋ።

አጎቴ «ነይ እስቲ» አላት። እናቷ ከኋላ «ሴት ልጅ!» አለች። አጎቴ እጁን አወዛወዘ፤ ተይ ማለቱ ነው። ሽማግሌው እንደገና ሰበረው፣ ባዶ መሆኑን አሳየን፣ ዘጋው። ሦስት ኪሎ ያህል ነው። ልጅቷ ተቀበለችው። ማንም አላስተማራትም። ሰደፉን ወደ ግራ ትከሻዋ አመጣችና ራሷን ሳታዘነብል ቆመች። ሽማግሌው ከፊቷ ሄዶ ጎንበስ አለ፤ ጣቱን የራሱ ዓይን ሥር አድርጎ የእሷን ዓይን በሁለቱ አፈሙዞች መሐል አየ። ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሥራ ጨርሶ ለደንበኛ እንደሚያስረክብ ሰው፣ «አንድም ነገር አልነካም» አለኝ።

እናቷ ከዚያ ወዲህ በቀኝሽ አትላትም ብል እዋሻለሁ። ትላታለች። ግን አጎቴ በተቀመጠበት አትላትም።

ሰኔ ላይ ኢሜይል መጣልኝ። ያኔ ባሕር ዳር ጭር ብሏል። ጀልባዎቹ ታስረዋል፤ እኔ መነጽሬን ሸጬ እንጀራ ልግዛ አልግዛ ከራሴ ጋር እሟገታለሁ። ሽማግሌው ለሠሪው ቤት ጽፎ፣ ከኪሱ ከፍሎ፣ የመዝገቡን ቅጂ አስልኮልኛል። የቆዩት የለንደን ሠሪዎች የትዕዛዝ ደብተራቸውን አይጥሉም። የልብስ ሰፊ ደብተር በሉት። በ1881 የተጠናቀቀ ጥንድ። አፈሙዝ ዳማስቆ፣ 76 ሳንቲ ሜትር። የሰደፉ ርዝመት 35 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ወደ ግራ የታጠፈ። ሽማግሌው አንድም አልተሳሳተም። ከላይ፣ በሚያምር የብዕር ጽሑፍ፣ የባሮኑ ስም። ወራሾቹ ስላሉ እሱንም አልጽፈውም። የአጉራሹ ስም የለም። ደብተሩ የሚያስፈልገው የሚከፍለውን ሰው ክንድ ብቻ ነው።

አጎቴ ጋ ደወልኩ። መረቡ እየተቆራረጠ ሁሉንም ነገርኩት። የተሠራበትን ዓመት ወደደው። ክንዱ ማጠሩን ሲሰማ «አላልኩህም!» አለ፤ አላለም ግን። ከዚያ ስሙን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ አራተኛ እሱ ሞከረው። ጀርባው ላይ ልጅቷ ስትስቅ ይሰማኛል።

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለ። «ይሄማ አፍ አይሞላም። ለሰርግ የፊተኛው ይሻላል።»